ሦስት ቀዳዳ አይመሰክርም፦ በእጅ በሚሞላ ጥይት ሙከራ ላይ የቀረበ ትችት

እስቲ አንድ እፍኝ ቡና አምጡ። ቦንጋ ወይም ሌላ የካፋ ዞን ከተማ ውስጥ ያላችሁ ለዚህ አትቸገሩም። ሌላ ቦታ ያላችሁ ደግሞ ሽምብራም ባቄላም ይሆናችኋል። ወለሉ ላይ ፍሬው እንዳይነጥር ብርድ ልብስ አንጥፉ፣ ከላዩ ነጭ ወረቀት አድርጉ፣ መሃሉ ላይ የመደመር ምልክት ጻፉ። ከዚያ ቆማችሁ እጃችሁን በደረታችሁ ልክ ዘርጉና ምልክቱን እያለማችሁ ሦስት ፍሬ አንድ በአንድ ጣሉ። ካረፉት ሦስት ፍሬዎች መካከል እጅግ የተራራቁትን ሁለቱን ፈልጉ፤ ርቀታቸውን በማስመሪያ ለኩና ጻፉት። ስሙን «ልክ 1» በሉት። ፍሬዎቹን አንሡና እንደገና ጣሉ፤ ይህ «ልክ 2» ነው። እንዲህ እያላችሁ እስከ «ልክ 10» ቀጥሉ።

አሁን ዝርዝሩን ተመልከቱ። አማካዩ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከአስሩ ትንሹ 5 ገደማ፣ ትልቁ ደግሞ 16 ገደማ ቢሆን አይግረማችሁ። በትንሹና በትልቁ መካከል የሦስት እጥፍ ልዩነት አለ ማለት ነው! ትንሹ ቁጥር ያረፈው «ልክ 7» ላይ ነው እንበል። «ልክ 7 ምርጥ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በልክ 7 ብቻ ነው የምጥለው» ብትሉ ጓደኞቻችሁ ይስቁባችኋል። ልክ 7 ከልክ 3 በምን ይለያል? በምንም። እጁ ያው እጅ ነው፤ ቡናውም ያው ቡና ነው። የተለያየው ዕድሉ ብቻ ነው።

የዛሬው ትችታችን ልክ እንደዚህ ስለሚሳሳቱ ጎልማሶች ነው። ሰዎቹ ሰነፎች አይደሉም፤ እንዲያውም ሚዛናቸው እጅግ ጥቃቅን የክብደት ልዩነት የሚለይ፣ መዝገባቸው የተስተካከለ፣ ትዕግሥታቸው የሚያስቀና ነው። ሥራቸው ለረጅም ርቀት የአደን ጠመንጃ ጥይትን በእጅ መሙላት ነው። ብዙዎቹ «ምርጡን ልክ» የሚመርጡበት መንገድ ግን ከእናንተ የቡና ጨዋታ ብዙም አይለይም።

ጥይት መሙላት ምንድን ነው?

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ከነሐስ የተሠራው ቀለህ፣ ከቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ትንሿ መለኮሻ፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ ጫፉ ላይ የተሰካው እርሳስ። ከተተኮሰ በኋላ እርሳሱ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይቃጠላል፣ መለኮሻዋ ትሞታለች። ቀለሁ ግን ይተርፋል። ስለዚህ ቀለሁን መልሶ መሙላት ይቻላል። ይህን ሥራ እንደ መዝናኛም እንደ ሙያም የያዙት ሰዎች በብዛት ያሉት በአሜሪካ ነው። ከፋብሪካ ጥይት ይልቅ ለራሳቸው ጠመንጃ የሚስማማ ልክ እናገኛለን ብለው ባሩዱን በጥቂት በጥቂቱ እየለዋወጡ ይሞክራሉ።

ነገሩ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው ጠመንጃ ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» ነው፤ «የግራ ጠመንጃ» እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። በዐድዋ ጦርነትም ከሌሎች ዓይነቶች ጋር አብሮ ተሰልፏል። 25 ግራም የሚመዝነውን እርሳሱን ከ5 ግራም ትንሽ በሚበልጥ ጥቁር ባሩድ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ያስወነጭፈው ነበር። የውጅግራ ቀለህ ትልቅና ጠንካራ ስለሆነ እንደገና ለመሙላት ይመቻል። ባሩዱንም በአገር ውስጥ ከጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል መቀመም የሚችሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ጥይቱ ራሱ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር ነበር። በገንዘባችሁ ዒላማ እየመታችሁ አስቡት! አንድ ጥይት መተኮስ ከኪስ ሳንቲም አውጥቶ እንደመወርወር ነው።

የካፋ ሰው የጠመንጃን ነገር የሚያውቀው በመራራ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በብዙ ሺህ ጠመንጃ ታጥቆ ሲዘምት፣ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሠራዊት በዋናነት የያዘው ጦርና ጋሻ ነበር። ጠመንጃው ጥቂት ነበር። ንጉሡ ለወራት በደኑና በገደሉ ተከላክሎ በመጨረሻ ተማረከ። ያን ጊዜ ልዩነቱን የፈጠረው መሳሪያ ያለውና የሌለው ነው፤ ልዩነቱ ግዙፍ ስለነበር ለማየት ሒሳብ አላስፈለገም። ዛሬ የምንተቸው ሙከራ ግን የሚፈልገው በጣም ጥቃቅን ልዩነት ነው። ጥቃቅን ልዩነት ደግሞ ዓይንን ያታልላል።

ዘዴው እንዲህ ነው

በጥይት ሞይዎች ዘንድ ስማቸው የገነነ ሦስት ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው ክሬይተን ኦዴት የተባለ አሜሪካዊ ተኳሽ ያስፋፋው «የመሰላል» ሙከራ ነው። የባሩዱ መጠን ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ጥይት ይተኮሳል። ከዚያ ዒላማው ላይ ከፍታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ቀዳዳዎች ይፈለጋሉ። «እዚህ ጋ ባሩዱ ቢለዋወጥም እርሳሱ ከፍታውን አልቀየረም፤ ምርጡ ልክ እዚህ ነው» ይባላል። ሁለተኛው ዳን ኒውቤሪ ያስተዋወቀው ነው፤ ለየደረጃው ሦስት ሦስት ጥይት ተተኩሶ የሦስቱ መሃል የት እንዳረፈ ይነጻጸራል። ሦስተኛው በስኮት ሳተርሊ ስም ይታወቃል። አሥር ጥይቶች በአሥር ደረጃ ይተኮሳሉ፣ የእያንዳንዱ ፍጥነት በመለኪያ ይመዘገባል፣ ከዚያ የፍጥነቱ መስመር «ጠፍጣፋ» የሆነበት ቦታ ይፈለጋል።

ሦስቱም ሐሳብ ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ከኋላቸው ያለው ምኞትም ተገቢ ነው፤ ባሩዱ ትንሽ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ውጤቱ የማይናወጥበትን ምቹ ቦታ ማግኘት። ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። አንድ ወይም ሦስት ጥይት ይህን ያህል ትልቅ ፍርድ መሸከም አይችልም።

የሳተርሊን ዘዴ እንውሰድና በቁጥር እንፈትነው። እያንዳንዱ የባሩድ ጭማሪ ፍጥነቱን በእርግጥ በሰከንድ 4 ሜትር ያሳድጋል እንበል። ምንም የተደበቀ ጠፍጣፋ ቦታ የለም፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ግን አንድ ዓይነት ልክ ያላቸው ጥይቶችም እንኳ እርስ በርስ ፍጥነታቸው ይለያያል፤ ይህ መለያየት በስታንዳርድ ዴቪዬሽን በሰከንድ 3 ሜትር ነው እንበል። አሁን አሥር ጥይት ተኩሱ። በመካከላቸው ዘጠኝ እርምጃ አለ። ሒሳቡን ስትሠሩት፣ ከዘጠኙ እርምጃዎች በአማካይ ሁለቱ ወይ ጭማሪያቸው ከ1 ሜትር በታች ይሆናል፣ ወይ ጭራሽ ወደ ታች ይወርዳሉ። ማለትም ጠፍጣፋ ቦታ በሌለበት መስመር ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይገኛል! በማግሥቱ ብትደግሙት ጠፍጣፋው ቦታ ይገኛል፤ ግን ሌላ ደረጃ ላይ። ሰውየው ግን አይደግመውም። ምርጡን ልክ አግኝቷልና።

ለዚህ ነው እንደ ብራያን ሊትዝ ያሉ የጥይት በረራ ተመራማሪዎችና አንዳንድ የጥይት አምራች መሐንዲሶች በቅርብ ዓመታት «የምትተኩሱት ቁጥር አነስተኛ ነው» እያሉ የሚወተውቱት። ክርክሩ ዛሬም በተኳሾች መካከል የጋለ ነው። እኔ ከሒሳቡ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን ላስረዳችሁ።

ሦስት፣ አምስት፣ አሥር

ወደ ቡናችሁ ተመለሱ። የሦስት ፍሬ ስፋት በአማካይ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ አምስት ፍሬ ብትጥሉ ስፋቱ በአማካይ 13 ገደማ ይሆናል። አሥር ብትጥሉ 16 ገደማ ይደርሳል። እጃችሁ አልተበላሸም። የበለጠ በጣላችሁ ቁጥር አንዱ ፍሬ ርቆ የማረፍ ዕድል እያገኘ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ጠመንጃዬ በ100 ሜትር ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይከትታል» ሲላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «በስንት ጥይት?» ይሁን። በሦስት ጥይት 2 ሳንቲ ሜትር የከተተው ጠመንጃና በአሥር ጥይት 3 ሳንቲ ሜትር የከተተው ጠመንጃ ምናልባት እኩል ናቸው።

ፍጥነት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሦስት ጥይት ተኩሳችሁ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ በሰከንድ 3 ሜትር ወጣ እንበል። ደስ ይላል፤ ጥይቱ ወጥ ነው ማለት ነው? ስታትስቲክስ የሚለው ሌላ ነው። ከሦስት ጥይት ብቻ ተነሥታችሁ በ95 በመቶ መተማመን ልትናገሩ የምትችሉት እውነተኛው ቁጥር ከ1.6 እስከ 19 ሜትር ባለው መካከል የሆነ ቦታ እንዳለ ነው። ይህ መልስ ነው ወይስ የመልስ አለመኖር? በአሥር ጥይት ክልሉ ወደ 2.1 እና 5.5 ይጠብባል። በሠላሳ ጥይት ደግሞ ከ2.4 እስከ 4 ይሆናል። ከሦስት ወደ ሠላሳ መሄድ አድካሚ ነው፤ ውድም ነው። ግን ዕውቀት የሚገዛበት ዋጋ ይኸው ነው።

«ታዲያ ይህ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። በሰከንድ 800 ሜትር የሚወጣ ዘመናዊ የአደን ጥይት አስቡ። ፍጥነቱ በ1 በመቶ፣ ማለትም በ8 ሜትር ቢቀንስ፣ ወደ መሬት የሚወርደው መጠን በ2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ300 ሜትር ርቀት ይህ 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እዚህ ላይ መጨነቅ ትርፍ ነው። በ600 ሜትር ግን 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የረጅም ርቀት ተኳሾች ስለ ፍጥነት ወጥነት የሚጨነቁት ለዚህ ነው፤ ጭንቀታቸው ልክ ነው። ልክ ያልሆነው፣ ያ ወጥነት መኖሩን በሦስት ጥይት አረጋገጥን ማለታቸው ነው።

ካፋ ላይ ሲሆን

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ጨምሩ። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ እርሳሱን የሚጎትተው ነገር ይቀንሳል፤ እርሳሱ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፣ የሚወርደውም ባነሰ መጠን ነው። ለባሕር ጠለል በተዘጋጀ ሠንጠረዥ እዚህ 600 ሜትር የሚተኩስ ሰው በአሥር ሳንቲ ሜትሮች በሚቆጠር ልዩነት ከፍ አድርጎ ይስታል። ነፋሱን ገና አልቆጠርነውም። ሸለቆ አቋርጦ የሚነፍስ ነፋስ በዚህ ርቀት ከባሩዱ ልክ ሁሉ ይበልጥ እርሳሱን ሊገፋው ይችላል። ለወራት «ልክ 4 ይሻላል ልክ 5» እያለ የከረመው ሰው የሚጨነቅበት ልዩነት፣ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከማይለኩት ከአየሩና ከነፋሱ አንጻር ሲታይ ኢምንት ነው።

ደግሞም የካፋን ደን የሚያውቅ ሰው «600 ሜትር» ሲባል ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዛፍ በዛፍ ላይ፣ ሐረግ በሐረግ ላይ፣ ከሥሩ ደግሞ ቡናው። ሃምሳ ሜትር ጥርት አድርጎ ማየት ራሱ ዕድል ነው። ይህ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ጉሬዛ፣ ጎሽ፣ አንበሳ ሳይቀር ይኖርበታል። በአገራችን በረጅም ርቀት የመተኮስ ጥያቄ በእርግጥ የሚነሣው ሌላ ቦታ ነው፤ በባሌና በአርሲ ተራሮች። እዚያ የደጋ አጋዘን ለማደን ሕጋዊ ፈቃድ አግኝተው የሚመጡ አዳኞች ከገደል ማዶ ያለን እንስሳ ያልማሉ። የደጋ አጋዘን ደግሞ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። አዳኙ እንስሳው ላይ የሚተኩሰው አንድ ጥይት ነው። ያች አንድ ጥይት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ምርጥ የሦስት ጥይት ወረቀት አትወጣም። የምትወጣው ጠመንጃውና ጥይቱ በእርግጥ ካላቸው ሰፊ ስርጭት ነው፤ ከጥሩውም፣ ከመጥፎውም፣ ሰውየው «ይቺ የኔ ጥፋት ናት፣ አትቆጠርም» ብሎ ከጣላቸው ቀዳዳዎችም ጭምር። አዳኙ ስርጭቱን ከእውነታው በግማሽ አሳንሶ ካመነ፣ መተኮስ ከማይገባው ርቀት ይተኩሳል። እንስሳው ሆዱ ላይ ወይም እግሩ ላይ ይመታና ጫካ ይገባል። ለቀናት ተሠቃይቶ ይሞታል፤ ማንም አያገኘውም። የሦስት ቀዳዳ የሐሰት ምስክርነት ዋጋ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ስለ ስታትስቲክስ ምንም የማያውቅ ፍጡር ነው።

ለተከሳሾቹም እንናገርላቸው

ትችት ሲሆን የሌላውንም ወገን መስማት ያስፈልጋል። ጥይት ሞይዎቹ ሦስት ጥሩ መከራከሪያ አላቸው።

የመጀመሪያው፦ «ጥይት ውድ ነው፤ አፈሙዙም በየተኩሱ ይበላል። ለእያንዳንዱ ልክ ሠላሳ ጥይት ተኩሼ ስጨርስ የምፈትነው ጠመንጃ አይኖረኝም።» እውነት ነው። ግን ከዚህ የሚከተለው «ስለዚህ ሦስት ይበቃል» አይደለም። የሚከተለው «ስለዚህ አሥር ልክ አልፈትንም» ነው። ሠላሳ ጥይት ያለው ሰው በአሥር ልክ ላይ ሦስት ሦስት ከሚበትነው፣ በሁለት ልክ ላይ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ቢያደርገው የበለጠ ያውቃል። ጥያቄ ስታበዙ የእያንዳንዱ መልስ ይሳሳል።

ሁለተኛው፦ «ሦስት ጥይት ምንም አይናገርም ማለት ማጋነን ነው።» ይህም እውነት አለበት፤ እንዲያውም ቆንጆ ነጥብ ነው። የተተኮሰ ስፋት ከዚያ በኋላ ሊሰፋ እንጂ ሊጠብ አይችልም። ሦስት ጥይት ተኩሳችሁ ቀዳዳዎቹ ከምትፈልጉት በላይ ከተራራቁ፣ አራተኛው ጥይት አያቀራርባቸውም። ስለዚህ ሦስት ጥይት መጥፎውን ለመጣል ይጠቅማል። ጥሩውን ለመምረጥ ግን አይበቃም። «ይህ ልክ አይሆንም» ማለት ትችላላችሁ፤ «ይህ ልክ ምርጥ ነው» ማለት አትችሉም። ሁለቱ የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው፦ «እኔ ግን በዚህ ዘዴ ጥሩ ጥይት አግኝቻለሁ፤ ይሠራል።» ይህ ከሦስቱ በጣም አሳማኝ መስሎ የሚታየው ነው፤ በጣም ደካማውም እሱ ነው። ዘመናዊ ባሩድ፣ ጥሩ እርሳስና ጥሩ አፈሙዝ ካለ አብዛኛው ልክ ደኅና ይተኩሳል። ከአሥር ደኅና ልኮች አንዱን በዕጣ ብትመርጡም ጥሩ ጥይት ታገኛላችሁ። ዘዴው ሠርቷል የምንለው በዕጣ ከመምረጥ ሲበልጥ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ «ምርጥ» ተብሎ የተመረጠውንና የተጣለውን ልክ ጎን ለጎን፣ ተኳሹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ፣ በብዙ ጥይት መፈተን ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርጉ ጥቂቶች ናቸው። ምክንያቱም ማንም ያገኘውን ሀብት ሐሰተኛ ሆኖ ማየት አይፈልግም።

የቦንጋ በግ ትምህርት

እንግዲህ ጥሩውን መንገድ ለማየት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ቦንጋ ላይ ስለ በግ የተሠራውን ሥራ ተመልከቱ። የቦንጋ በግ በትልቅነቱና በሥጋው የታወቀ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋምና ሌሎች አጋሮች ከአርሶ አደሮች ጋር ሆነው ዝርያውን በመምረጥ የማሻሻል ሥራ ጀመሩ። የአውራ በጉ ምርጫ «ሲያዩት ያምራል» በሚል ብቻ አይደለም። ግልገሎች ይመዘናሉ፣ ስድስት ወር ሲሞላቸው ያላቸው ክብደት ይመዘገባል፣ ወላጆቻቸው ይታወቃሉ። ከዚያ መዝገቡና የአርሶ አደሮቹ ዓይን አንድ ላይ ይፈርዳሉ።

ይህ ከጥይት ጋር ምን አገናኘው? ሁለቱም ያው አንድ ጥያቄ ናቸው፦ ይህ ያማረ ውጤት ከዘሩ የመጣ ነው ወይስ ከዕድል? አንድ ግልገል የከበደው ጥሩ ዘር ስላለው ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ዓመት ዝናብና ሣር ስለተረፈ፣ እናቱም ብቻውን ስላጠባችው ሊሆን ይችላል። ዘሩ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል፤ ዕድሉ አይተላለፍም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 ስለ ወላጆችና ልጆች ቁመት ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፦ እጅግ ረጃጅም ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች በአማካይ ረጃጅም ናቸው፣ ግን እንደ ወላጆቻቸው አይደሉም፤ ወደ አማካዩ ይመለሳሉ።

የእናንተም «ልክ 7» እንዲሁ ነው። በሦስት ፍሬ 5 ሳንቲ ሜትር የሰጣችሁ ልክ፣ ዛሬ ማታ ብትደግሙት በአማካይ 10 ይሰጣችኋል። ጥይት ሞይውም ይህን ያውቀዋል፤ ስሙን ግን ሌላ ይለዋል። «ባለፈው ሳምንት አንድ ቀዳዳ ነበር፤ ዛሬ ምን ነካው? ሙቀቱ ይሆን? አዲሱ የባሩድ ቆርቆሮ ይሆን?» ይላል። ብዙ ጊዜ ምንም አልነካውም። ያለፈው ሳምንት ዕድል ነበር፤ ዛሬ እውነቱ መጣ።

በነገራችን ላይ ጥንት ውጅግራ ይሞላ የነበረው ሰው ከዚህ ወጥመድ በከፊል ነጻ ነበር። ባሩዱ በእጅ የተቀመመ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ዝቃጭና ጢስ ሆኖ ስለሚቀር አፈሙዙ በየተኩሱ ይቆሽሻል። እርሳሱ 200 ሜትር ሲደርስ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ጥይቱ ተአምር ይሠራልኛል ብሎ አልጠበቀም። ያለው አማራጭ አንድ ነበር፤ መቅረብ። እንስሳው አጠገብ እስኪደርስ መሬት ለመሬት መሳብ፣ ነፋሱን ማሽተት፣ እርግጠኛ እስኪሆን ቃታውን አለመንካት። መሣሪያው ደካማ መሆኑን ማወቁ ራሱ ጥንቃቄ ነበር። የዛሬው አዳኝ ከእሱ እጅግ የተሻለ ጥይት አለው፤ የሚጎድለው ያ የጥርጣሬ ልማድ ነው።

እናንተ ምን ታደርጉ?

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ይህ ጽሑፍ ጥይት መሙላት አያስተምርም። ባሩድ ሲበዛ ጠመንጃን ይፈነዳል፣ ዓይንና እጅ ያሳጣል። በአገራችንም ጠመንጃና ጥይት በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር የሚተዳደሩ ናቸው። ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁ መሣሪያ ቡናና ማስመሪያ ነው።

ግን ከጥይቱ ያገኛችሁትን ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ፤ የምትጠይቁበት ቦታ አታጡም። የሳይንስ ክበብ አባል ከሆናችሁና በሦስት ማሳያ ላይ አዲስ ኮምፖስት ሞክራችሁ አንዷ በቆሎ ከረዘመች፣ ቁጥሩን ከማወጃችሁ በፊት ድገሙት። ሦስት ስኒ ቀምሶ «የዚህ ሰፈር ቡና ይበልጣል» የሚል ሰው ካገኛችሁ፣ ስኒዎቹን ሳያይ ደግሞ እንዲቀምስ ጠይቁት። «ሦስት ሰዎች ይህን መድኃኒት ጠጥተው ዳኑ» ሲባል፣ ስንት ሰው ጠጥቶ አልዳነም፣ ስንትስ ሳይጠጣ ዳነ ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስት ልማድ ብቻ ያዙ። ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ጊዜ እንደምትሞክሩ ወስኑና ጻፉ፤ ደስ ያለው ውጤት ላይ ስትደርሱ አታቁሙ። የወጣውን ሁሉ ቁጠሩ፤ «ይቺ አትቆጠርም» የምትባል ቀዳዳ የለችም። የተገኘውን «ምርጥ» ደግሞ በአዲስ ሙከራ ፈትኑት፤ የተመረጠበት ሙከራ ለራሱ መስካሪ መሆን አይችልምና።

አሁን ብርድ ልብሱን እንደገና አንጥፉ። ልክ 7ን ሃያ ጊዜ ድገሙት፣ አማካዩን አውጡ፣ ከመጀመሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ጎን ጻፉት። ከዚያ ቡናውን ሰብስባችሁ ለእናታችሁ መልሱ፤ ታጥቦ ቢቆላ ምንም አልሆነም።